የደቡብ ክልል መሥሪያ ቤቶች ከሐዋሳ መዛወር

የደቡብ ክልል መሥሪያ ቤቶች ከሐዋሳ መዛወር የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ደረጃ በደረጃ በአራት ክልሎች ሲተካ፣ መቀመጫቸው ሐዋሳ የነበረ የክልል ቢሮዎች ከነሠራተኞቻቸው ወደ ቦንጋ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ አርባ ምንጭና ሌሎች ከተሞች የሄዱበት ሂደት ነው። ሐዋሳ ለሦስት አስርት ዓመታት ያህል የዚህ ክልል ዋና ከተማ ስለነበረች፣ ዝውውሩ የተቋማት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በከተማዋ ትዳር የመሠረቱ፣ ቤት የሠሩና ልጆች ያሳደጉ የመንግሥት ሠራተኞች ኑሯቸውን አንሥተው በሌላ ከተማ እንደገና እንዲጀምሩ፣ ወይም ቤተሰባቸውን ሐዋሳ ትተው በሁለት ከተማ እንዲኖሩ አድርጓል።

የከተማዋ አመሠራረትና ነዋሪዋ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ስሟ በሲዳምኛ ሰፊ የሚል ትርጉም እንዳለው ይነገራል፤ ስሙም መጀመሪያ የሐይቁ ነበር። በአማርኛ ለረጅም ጊዜ «አዋሳ» እየተባለ ሲጻፍ ኖሮ በኋላ «ሐዋሳ» ወይም «ሀዋሳ» የሚለው አጻጻፍ ተለመደ። ዛሬም በዕድሜ የገፉ ነዋሪዎች አፍ ላይ «አዋሳ» አልጠፋም።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲሆን፣ በዚያ ወቅት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ ከነበሩት ከራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር ተያይዛ ትነሣለች። ከዚያ በፊት ቦታው አዳሬ እየተባለ የሚጠራ፣ የሲዳማ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ጡረታ የወጡ ወታደሮችም በአካባቢው መሬት ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። ስለዚህ ሐዋሳ ገና ከጅምሩ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች የሰፈሩባት ከተማ ናት፤ በቦታው የነበሩት የሲዳማ አባወራዎች ደግሞ የግጦሽ መሬታቸው ከተማ ሲሆን አይተዋል። ኋላ የመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ያለዚህ መነሻ በቅጡ አይገባም።

የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የቀድሞ ዋና ከተማ ራስ ደስታ ዳምጠው የመሠረቷት ይርጋለም ነበረች። ይርጋለም ከሐዋሳ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከዋናው የሞያሌ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ የምትገኝ ናት። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ወደ ሐዋሳ ሲዛወር የይርጋለም ሠራተኞችና ነጋዴዎች ተከትለው ወረዱ። በጋሞ ጎፋም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ በ1950ዎቹ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከደጋማዋ ጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወርዷል። በደቡብ ኢትዮጵያ የአስተዳደር መቀመጫ መለዋወጥ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ አዲስ የነበረው መጠኑ ነው።

በሕዝብ ቆጠራዎች መሠረት የከተማዋ ነዋሪ በ1976 ዓ.ም. 36,169፣ በ1987 ዓ.ም. 69,169፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 157,139 ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በመጨረሻው ቆጠራ፣ በዙሪያው ያሉ የገጠር ቀበሌዎችን ጨምሮ ከከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ሲዳማ ሲሆን፣ የተቀረው በአብዛኛው አማራ፣ ወላይታ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌና ከምባታ ነበር።

የክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን

በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲከፍል፣ በደቡብ ከክልል 7 እስከ ክልል 11 ያሉ አምስት ክልሎች ነበሩ። እነዚህ ብዙም ሳይቆዩ ተዋሕደው አንድ ክልል ሆኑ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ከዘጠኙ የፌዴሬሽኑ አባላት አንዱ አድርጎ መዘገበው። ከ50 በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ይህ ክልል መቀመጫውን ሐዋሳ ላይ አደረገ፤ የሥራ ቋንቋውም አማርኛ ሆነ።

ዋና ከተማነት ለሐዋሳ ትልቁ ቀጣሪዋ ነበር። ትምህርት ቢሮ፣ ጤና ቢሮ፣ ግብርና ቢሮ፣ ፋይናንስ ቢሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የክልሉ ምክር ቤት፣ ፖሊስ ኮሚሽንና የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ከየዞኑ የተማረ የሰው ኃይል ሳቡ። አንድ የጂንካ ወይም የሆሳዕና ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በወረዳ፣ ከዚያም በዞን ሠርቶ ዕድገት ሲያገኝ የመጨረሻው እርከን ሐዋሳ ነበረች። በ1968 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የእርሻ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ይህም ሌላ የመምህራንና የተማሪዎች ፍልሰት አመጣ።

ሠራተኛው በአብዛኛው በመጣበት ዓመት በኪራይ ቤት ይጀምራል። ጥቂት ከቆየ በኋላ በመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በተቋቋመ የቤት ማኅበር ቦታ ያገኛል፣ ወይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይጠብቃል። ዕድር ይገባል፤ ዕቁብ ይጥላል። ልጆቹ ሐዋሳ ተወልደው በታቦር ተራራ ሥር፣ በአሞራ ገደልና በሐይቁ ዳር መንገድ ያድጋሉ፤ አባታቸው ዘወትር «አገር ቤት» የሚለውን ቦታ የሚያውቁት በበዓል ሰሞን ብቻ ነው። በ2015 የመጣው ምደባ ያንን «አገር ቤት» ድንገት የሥራና የኑሮ ቦታ አደረገው።

የባለቤትነት ጥያቄና የሲዳማ ክልል መመሥረት

የሐዋሳ አስተዳደር ጉዳይ ብዙ ጊዜ ደም አፋሳሽ ሆኖ ቆይቷል። በ1994 ዓ.ም. ከተማዋን ከሲዳማ ዞን አስተዳደር የሚነጥል ሐሳብ መቅረቡን የተቃወሙ ሲዳማዎች ግንቦት 16 ቀን ሰልፍ ወጥተው፣ ከከተማዋ ዳርቻ ሎቄ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፍተው በርካታ ሰዎች ተገደሉ። ቀኑ በሲዳማ ዘንድ እስከ ዛሬ ይታሰባል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በፍቼ ጨምበላላ በዓል ሰሞን በሐዋሳ በተነሣ ግጭት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ የወላይታ ተወላጆችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ለአንዳንድ ቤተሰቦች ከሐዋሳ መውጣት የተጀመረው ያኔ ነው፣ ያለ ምደባና ያለ ደብዳቤ።

የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ክልል የመሆን ጥያቄውን በይፋ ያቀረበው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ መደራጀት ነበረበት። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ክልልነትን በራስ ለማወጅ የታሰበው ዕቅድ በሐዋሳና በሌሎች የሲዳማ ከተሞች ሁከት አስከትሎ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ክልሉም በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከመራጮች 98.5 በመቶ ክልልነትን ደገፉ። ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥልጣን በይፋ ተረከበና ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ፤ ሐዋሳም ዋና ከተማው ሆነች።

የነባሩ ክልል ምክር ቤት ከሕዝበ ውሳኔው አስቀድሞ ባወጣው ሕግ፣ የደቡብ ክልል ለሁለት የምርጫ ዘመን ማለትም ለአሥር ዓመት ሐዋሳን በመቀመጫነት መጠቀሙን እንዲቀጥል ተደነገገ። የከተማዋ ነዋሪዎች መብትና የሀብት ክፍፍሉ አሠራርም የዚሁ ሕግ ጉዳዮች ነበሩ። ለሠራተኛው ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ አሥር ዓመት ልጅ ከአንደኛ ደረጃ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለማድረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ አሥሩ ዓመት አልሞላም። ሕጉ የታሰበው አንድ ዞን ወጥቶ የተቀረው ክልል እንዳለ ይቀጥላል ተብሎ ነው፤ የተቀረውም ራሱ ይበተናል የሚል ግምት አልነበረውም።

ክልሉ ሲከፈል

ሁለተኛው መለያየት ፈጥኖ መጣ። ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮና ምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርገው፣ ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መሠረቱ። ቦንጋ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒም የክልሉ ተቋማት የተከፋፈሏቸው ከተሞች ሆኑ። ከሐዋሳ ተነሥተው ወደ እነዚህ ከተሞች የሄዱት ሠራተኞች የዝውውሩ የመጀመሪያ ክፍል ናቸው፤ ርቀቱም ከሁሉም የሚረዝመው የነሱ ነበር።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ጌዴኦና ኮንሶ ዞኖች፣ ከአማሮ፣ ቡርጂ፣ ደራሼ፣ ባስኬቶና አሌ ልዩ ወረዳዎች ጋር ሕዝበ ውሳኔ አካሄዱ። በወላይታ ዞን የተሰጠው ድምፅ በሕግ ጥሰት ምክንያት ተሰርዞ በሰኔ ወር ተደገመ። በዚያው ወር መጨረሻ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ክልሉን ካጸደቀ በኋላ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። የቀሩት የጉራጌ፣ ስልጤ፣ ሐዲያ፣ ከምባታ ጠምባሮና ሐላባ ዞኖች ከየም ልዩ ወረዳ ጋር ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በሚል ስም ተደራጁ። በዚህም የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚባለው አብቅቶ፣ ሐዋሳ ውስጥ የቀረ ባለቤት አልነበረውም።

አዲሶቹ ክልሎች አንድ ዋና ከተማ ከመምረጥ ይልቅ ተቋማቱን በየከተማው ማከፋፈልን መረጡ። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወላይታ ሶዶ የአስተዳደር፣ አርባ ምንጭ የምክር ቤት መቀመጫ ሲሆኑ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካና ካራትም ድርሻ አገኙ። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫ ሆና፣ ወልቂጤ፣ ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ ዱራሜና ሐላባ ቁሊቶ ቢሮዎችን ተካፈሉ። አሠራሩ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሐዋሳ ብቻዋን ያገኘችው ዕድገት ለብዙ ከተማ ይዳረስ፣ በመቀመጫ ጉዳይም ሌላ ጠብ አይነሣ ነው። ዋጋው የተከፈለው ግን በሠራተኛውና በባለጉዳዩ ነው። ቀድሞ ሦስት ቢሮ በእግር ወይም በባጃጅ አዳርሶ በአንድ ቀን ጉዳዩን ይጨርስ የነበረ ሰው፣ አሁን አንዱን ማኅተም ለማግኘት ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ዞን መጓዝ ይጠበቅበታል።

ምደባውና የሠራተኛው ኑሮ

ከክፍፍሉ ሥራዎች አስቸጋሪው የሰው ድልድል ነበር። ተሽከርካሪ፣ ኮምፒዩተርና የቢሮ ዕቃ ይቆጠራል፣ ይካፈላል፤ መዝገብም ተለይቶ በአይሱዙ ይጫናል። ሕንፃ አይጫንም፤ ስለዚህ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተገነቡት የክልሉ ሕንፃዎች በዋጋ ተሰልተው በሐዋሳ ቀሩ። ሰው ግን ከሁለቱም አይደለም። አባቱ ከጋሞ፣ እናቱ ከሐዲያ፣ ራሱ ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ባለሙያ የየትኛው ክልል ሠራተኛ ነው? ባልና ሚስት በሁለት ቢሮ የሚሠሩ ሆነው አንዱ ቢሮ ሶዶ፣ ሌላው ጂንካ ቢደርስስ?

ሐዋሳ ላይ ሥራ ቀይሮ መቅረት ለሁሉም የሚቻል አልነበረም። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ በአማርኛ ሲሠራ የኖረ የሒሳብ ወይም የዕቅድ ባለሙያ ቋንቋውን በገበያ ደረጃ ቢያውቀው እንኳ ደብዳቤና ሪፖርት ለመጻፍ አይበቃውም። ሁለቱ አዲስ ክልሎች በአንጻሩ አማርኛን በሥራ ቋንቋነት ቀጥለዋል። ሌላው አማራጭ ከመንግሥት ሥራ መውጣት፣ ማለትም ወደ ግል ድርጅት፣ ወደ ንግድ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች ሥራ ቢከፍትም፣ በአመዛኙ ከገጠር ለመጡ ሴት ልጆች የተዘጋጀ የልብስ ስፌት ሥራ በመሆኑ ለሃምሳ ዓመት የቢሮ ሰው መውጫ አልነበረም። ፓርኩ ራሱም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል በመታገዷ ተጎድቷል።

የሄዱት በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዱ ቤቱን ሸጦ ወይም አከራይቶ ከነጓዙ ነቀለ። ሌላው፣ በተለይ የትዳር ጓደኛው በሐዋሳ የግል ሥራ ያለው ወይም ልጆቹ ለብሔራዊ ፈተና የቀረቡ፣ ብቻውን ሄደ። ከሐዋሳ ሶዶ በሻሸመኔና በሐላባ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዲላ ደግሞ ከ90 ኪሎ ሜትር አይርቅም። እነዚህ በሳምንት አንዴ የሚመላለሱባቸው ርቀቶች ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ሐዋሳ፣ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሥራ መመለስ የብዙ ሠራተኛ ልማድ ሆኗል። ለአርባ ምንጭ፣ ከሶዶ በስተደቡብ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚቀር፣ ምልልሱ በወር አንዴ ወደ መሆን ያደላል። ጂንካ የደረሰው ሰው ደግሞ ምርጫው በበዓል ብቻ መገናኘት ነው።

በዚህ ኑሮ ሁለት የቤት ወጪ አለ። በሐዋሳ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት አስቤዛ ሳይቀንስ፣ በአዲሱ ከተማ የአንድ ክፍል ኪራይ፣ ምግብና የትራንስፖርት ገንዘብ ይጨመራል። እንደ ሶዶና ሆሳዕና ያሉ ከተሞች በአንድ ክረምት የመጣባቸውን ተከራይ የሚችል የቤት ክምችት አልነበራቸውም፤ የቢሮ ቦታም ስላልነበረ መሥሪያ ቤቶቹ የግለሰብ ሕንፃ ተከራይተው ጀመሩ። በዚያው ወቅት በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ባሉ በርካታ ወረዳዎች የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየቱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል።

የአየር ንብረቱም ለውጥ ቀላል አይደለም። ሆሳዕና ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብርዳማ ደጋ ናት። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር ያለች ነፋሻማ ከተማ ስትሆን፣ አርባ ምንጭ ከሐዋሳ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሞቃትና ወባማ ናት። ከሐዋሳ ለመጣ ሰው በአርባ ምንጭ የሚጽናናበት ነገር ቢኖር ሐይቁና ዓሣው ነው፤ አባያና ጫሞ ከሐዋሳ ሐይቅ ብዙ እጥፍ ይሰፋሉ።

ከሁሉም ቶሎ የማይተካው ማኅበራዊው ኑሮ ነው። የሐዋሳ ዕድር የተመሠረተው በሰፈር ነው፤ በሰፈሩ ደግሞ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ወርሃዊ መዋጮውን ከሩቅ መላክ ይቻላል፤ ለቅሶ መድረስን ግን መላክ አይቻልም። በአዲሱ ከተማ ያሉ ነባር ዕድሮች አዲስ አባል ሲቀበሉ የመግቢያ ገንዘብ ስለሚጠይቁ፣ ከሐዋሳ የመጡ ባልደረቦች በመሥሪያ ቤት ደረጃ የራሳቸውን መረዳጃ ማቋቋም ይቀላቸዋል። ልጆቹ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። በሐዋሳ በአማርኛ የተማረ ልጅ ሶዶ ሲሄድ ወላይትኛ፣ ሆሳዕና ሲሄድ ሐዲይኛ በትምህርት ቤት ይጠብቀዋል። ቋንቋው የአባቱ ወይም የእናቱ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ከአያቱ ጋር በስልክ ሰላም ከመባባል አልፎ አያውቀው ይሆናል።

በሐዋሳ የቀረው

ሐዋሳ በመሥሪያ ቤቶቹ መሄድ ባዶ አልሆነችም። የሲዳማ ክልል ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የሐይቁ ዳር ሆቴሎች ከተማዋን ይዘዋታል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሳምንት መጨረሻ መዝናኛነቷም እንደቀጠለ ነው። ለውጡ ይበልጥ የታየው ከየዞኑ ለስብሰባና ለሥልጠና በሚመጣ አበልተኛ ላይ ተመሥርተው ይሠሩ በነበሩ መካከለኛ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የጽሕፈት ሥራ ቤቶች ላይ ነው፤ ያ ስብሰባ አሁን በሶዶ፣ በሆሳዕናና በአርባ ምንጭ ይካሄዳል። በሌላ በኩል ከሲዳማ ወረዳዎች ወደ ሐዋሳ የሚመጣው የሰው ኃይል ጨምሯል፤ ዋና ከተማነቷን ተከትሎ ዕድገት ፈልጎ የሚመጣ ወጣት ባለሙያ አሁን ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳና ከይርጋለም ይመጣል።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

ለሐዋሳ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው ምሳሌ በሕንድ ይገኛል። አንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት በግንቦት 2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ ሃይደራባድ በአዲሲቱ ተለንጋና ውስጥ ቀረች፤ ሕጉም ከተማዋ ቢበዛ ለአሥር ዓመት የሁለቱም የጋራ ዋና ከተማ እንድትሆን ፈቀደ። አንድራ ፕራዴሽ ግን ዓመቱ ሳይሞላ መሥሪያ ቤቶቿን ወደ አማራቫቲና ቪጃያዋዳ አካባቢ አዛወረች፤ ብዙ ሠራተኞችም ቤተሰባቸውን ሃይደራባድ ትተው በየሳምንቱ ይመላለሱ ነበር። ጀርመን ከቦን ወደ በርሊን ስትዛወር የመረጠችው የተለየ መንገድ ነው። ምክር ቤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ወስኖ ዝውውሩ በዋናነት የተፈጸመው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተወሰኑ ሚኒስቴሮችም በቦን እንዲቀሩ ተደርጓል። በብራዚልና በናይጄሪያ ሠራተኛው የሄደው ለዚሁ ተብለው ወደተሠሩት ብራዚልያና አቡጃ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ውሳኔውና ጉዞው በአንድ ክረምት ተገናኙ፤ የተሄደባቸውም ከተሞች ለራሳቸው ነዋሪ እንኳ ውኃና ቤት ለማዳረስ የሚጣጣሩ ነበሩ።